ሐሰተኛ ብር ማንን ይጎዳል?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው ምርት ተሰብስቦ ሽያጭ ሲጀመር በየገበያው የሚዘዋወረው ጥሬ ገንዘብ ይበዛል። ገበያው ይጨናነቃል፤ ሻጩ ሳይመሽ ቤቱ ለመግባት ይቸኩላል፤ ብሩም ሳይታይ ይቆጠራል። ለሐሰተኛ ብር አዘዋዋሪ ከዚህ የተመቸ ጊዜ የለም።

እንበልና አንድ አርሶ አደር አንድ ኩንታል ጤፍ ለማያውቀው ነጋዴ ሸጠ። ማታ ባለቤቱ ብሩን በሶላር መብራት ስታገላብጥ፣ ሁለቱ ባለ 200 ብር ኖቶች ክር የሌላቸው ሆነው አገኘቻቸው። ነጋዴው የት እንደገባ አይታወቅም። በነጋታው ለማኅበሩ የሚከፈል የማዳበሪያ ገንዘብ አለ። «ከሌላው ጋር ደባልቆ መስጠት ነው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይህ ሰው ሌባ አይደለም፤ የተሰረቀ ሰው ነው። ታዲያ ሕጉ ምን ይላል?

በአገራችን ብር የማውጣት ሥልጣን ያለው ብሔራዊ ባንክ ብቻ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ሐሰተኛ ገንዘብ መሥራትን፣ እውነተኛውን ለውጦ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ማስመሰልንና ሐሰተኛ መሆኑን እያወቁ ማዘዋወርን በወንጀልነት ይደነግጋል። ሳያውቅ የተቀበለ ሰው ጥፋተኛ አይደለም። ካወቀ በኋላ እንደ እውነተኛ አድርጎ ለሌላ ከሰጠ ግን ይጠየቃል። ቅጣቱ ከአታሚው ቅጣት ቢቀልም፣ «እኔም ተታልዬ ነው» ማለቱ ነፃ አያወጣውም።

«ኪሳራው የእኔ ብቻ ሊሆን ነው?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ባንክ ሐሰተኛውን ይይዛል እንጂ ምትክ አይሰጥም። ይህ ለደሃ ገበሬ መራራ ነው። ነገር ግን ምትክ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ አታሚው ባተመ ቁጥር እውነተኛ ገንዘብ ያገኝ ነበር።

አሁን እነዚያን ሁለት ኖቶች እንከተላቸው። አርሶ አደሩ ለማኅበሩ ከፈለ። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ሳያይ ተቀብሎ ባንክ ወሰደ። ባንኩ ኖቶቹን ያዘ። 400 ብር ጎደለ። ጉድለቱ ወይ ከገንዘብ ያዡ ደመወዝ ይቆረጣል፤ እርሱም የጎረቤት ልጅ ነው። ወይም ማኅበሩ ይሸከመዋል፤ ያን ጊዜ ከአባላት የትርፍ ክፍፍል ላይ ይቀነሳል። አታላዩ በሰላም ሄዷል፤ የተጣሉት ግን አንድ ዕድር የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው።

ሌላው መታወቅ ያለበት የኖት ቅጂ ጉዳይ ነው። በፎቶ ኮፒና በኮምፒዩተር ማተሚያ ብርን «ለጨዋታ» ማባዛት ቀላል መስሎ ይታያል። ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንደሚጠብቁት ማየት ይጠቅማል። የአሜሪካ ሕግ የዶላር ምስል በቀለም እንዲታተም የሚፈቅደው በአንድ ገጽ ብቻ ሆኖ፣ መጠኑም ከእውነተኛው ሦስት አራተኛ ሲያንስ ወይም ከአንድ ተኩል እጥፍ ሲበልጥ ነው። እንዲያውም ኖትን ሆን ብሎ ለአገልግሎት እንዳይውል አድርጎ መቅደድ እዚያ ያስቀጣል።

በእኛ ዘንድ ብርን የሚያጠፋው ብዙውን ጊዜ ክፋት ሳይሆን አቀማመጥ ነው። በጋን የተቀበረውን ምስጥ፣ በጣራ የተሸጎጠውን አይጥ ይበላዋል። ያረጀና የቆሸሸ ኖት ሲኖር ወደ ባንክ መውሰድ ነው፤ ያረጀውን ሰብስቦ ማስወገድ የብሔራዊ ባንክ ሥራ ነው። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች መቀየራቸውና ባለ 200 ብር መውጣቱ ሲነገር፣ ለልውውጡ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ከዚያ በኋላ ከጋን የወጣው አሮጌ ኖት ወረቀት ሆኖ ቀረ።

በመሆኑም የሚከተሉትን ማድረግ ይገባል፤

1ኛ. ብር ሲቀበሉ መዳሰስ፣ ወደ ብርሃን አንስቶ ሥውሩን ምስልና ክሩን ማየት፤ ከተጠራጠሩ ከመቀበል በፊት መመለስ።

2ኛ. ከተቀበሉ በኋላ ከታወቀ ለሌላ አለማስተላለፍ፤ ከማን፣ መቼና የት እንደተገኘ አስታውሶ ለባንክ ወይም ለፖሊስ ማስረከብ።

3ኛ. የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ክፍያውን በከፋዩ ፊት አንድ በአንድ አይቶ መቀበል፤ ከፋዩም «ተጠረጠርኩ» ብሎ አለመቀየም።

4ኛ. በተቻለ መጠን የምርት ሽያጭ ክፍያን በባንክ ሒሳብ መቀበል።

በአምስት ብር ኖት ላይ የቡና ለቀማ ሥዕል አለ። በብሩ ላይ የተሣለው የገበሬው ድካም ነው፤ መጠበቁም የራሱ የገበሬው ጉዳይ ነው። አባቶች «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ። ሁለት ሐሰተኛ ኖት በእጁ ቀርቶ 400 ብር የከሰረ አባል፣ ጎረቤቱንና ማኅበሩን አትርፏል።

በዓሉ የሰላምና የበረከት ይሁን!