ጋዜጣ ዝም ሲል
(ለፕሮጀክት ሠራተኞችና ለምእመናን የተደረገ ንግግር)



አዲስ በሽታ ሲነሣ ሕዝብ «ምንድን ነው? እንዴት ይተላለፋል? ምን እናድርግ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን የሚጠብቀውም ከሐኪምና ከጋዜጣ ነው። ጋዜጣ ይህን አደራ ሲጥል ምን እንደሚደርስ በ1910 እና በ1911 ዓ.ም. ዓለምን የመታው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ያስተምረናል።

ያን ጊዜ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ገና አላበቃም ነበር። ተዋጊዎቹ መንግሥታት የሕዝቡ ልብ እንዳይሸበር ብለው ጋዜጦቻቸውን ይቆጣጠሩ ነበር። ስፔን ግን በጦርነቱ ስላልገባች ጋዜጦቿ ስለ በሽታው፣ ስለ ንጉሣቸው ስለ አልፎንሶ 13ኛ መታመም ጭምር በግልጽ ጻፉ። ከስፔን ለመነሣቱ ማስረጃ ሳይኖር ወረርሽኙ «የስፔን ኢንፍሉዌንዛ» ተባለ። የተናገረው ስሙ ጠፋ፤ የደበቀው ከወቀሳ አመለጠ።

በአሜሪካ አገር በፊላዴልፊያ ከተማ ለጦርነቱ ገንዘብ ለማሰባሰብ መስከረም 18 ቀን 1911 ዓ.ም. ታላቅ ሰልፍ ተዘጋጀ። ሐኪሞች «ሰልፉ ይቅር» ብለው ለጋዜጦች ቢጽፉ አዘጋጆቹ አላተሙላቸውም። ወደ 200,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወጣ። በሦስት ቀን ውስጥ የሆስፒታሎቹ አልጋ ሞላ፤ በስድስት ሳምንት ውስጥ ከ12,000 በላይ ሰው አለቀ። ጋዜጣው «አትደንግጡ» ሲል ሕዝቡ የጎረቤቱን አስከሬን በዓይኑ ያይ ነበር። ድንጋጤው አልቀረም፤ የቀረው በጋዜጣው ላይ የነበረው እምነት ነው።

በዚያው ዓመት በሽታው አገራችን ገብቶ በአዲስ አበባ ብቻ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» አሉት፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ ማጠን እስከ ዛሬ መታሰቢያው ሆኖ ቀርቷል።

ወገኖች ሆይ፣ ጋዜጣ በማይደርስበት ገጠር የጤና ረዳቱ ቃልና የእሑድ ማስታወቂያ ጋዜጣ ነው። ስለዚህ አዲስ በሽታ ሲታይ የታመመውንና የሞተውን ሰው ቁጥር ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ተናገሩ። ያልታወቀውን «ገና አልታወቀም» በሉ። ሰው ዛሬ በቤቱ ሊያደርገው የሚችለውን ጥንቃቄ አብራችሁ ንገሩ። በሽታውን በአንድ አገር ወይም በአንድ ነገድ ስም አትጥሩ።

ከሁሉም በላይ፣ ከአንድ ጣቢያ የመጀመሪያው ክፉ ወሬ ሲመጣ አምጪውን አትገሥጹት፤ አመስግኑት። የተገሠጸ ሰው ሁለተኛ አይናገርም፤ የዝምታውን ዋጋ የሚከፍለው ግን መንደሩ ነው።