የሙዚቃ አስተማሪ ያጣ ትምህርት ቤት
(ወላይታ ሶዶ ላይ ለመምህራንና ለወላጆች ከተደረገ ንግግር የተወሰደ)



«ሙዚቃ እንጀራ ይሆናል ወይ?» የሚሉን አሉ። እስቲ ታሪክ ይመልስላቸው።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ ወላጅ አልባ አርመናውያን ልጆች አስመጡ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን እስከ አብዮቱ ዘመን ሲዘመር የኖረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሱ። የወንድማቸው ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለውን ቤት ኦርኬስትራ አሠለጠኑ። ትራምፔትና ሳክስፎን ሲያስተምሩ «የቤታችሁን ዜማ ጣሉ» አላሉም። የአገሩን ዜማ በኖታ ጽፈው፣ ለባንድ አዘጋጅተው መልሰው ለባለቤቱ ሰጡት።

እሳቸው ካረፉ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኗል። ያስተማሯቸው ግን ሌሎችን አስተማሩ፤ እነዚያም ሌሎችን። የአስተማሪ ውለታ እንዲህ ነው፣ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል እንጂ አብሮ አይቀበርም።

እኛስ? በጊፋታ የወላይታ ልጅ ሲጨፍር አይታችኋል፤ ጆሮውና እግሩ ትምህርት ቤት ሳይገባ የሠለጠነ ነው። የጎደለው አስተማሪ ነው። እኔ በተማርኩበት፣ ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት፣ መለከቶቹ መጋዘን ውስጥ ዝገው ቀሩ። ለጥገና ቀርቶ ለአስተማሪም በጀት የለም ተባለ። ለስብሰባና ለአበል ግን መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

ስለዚህ የሚመለከታችሁ ክፍሎች ስሙን! መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት አስተማሪ ቅጠሩ። መለከት ያለ አስተማሪ ብረት ነው።