አሮጌ መኪናችንን ከሌባ ስለ መጠበቅ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ይህን ንግግር እንድናዘጋጅ ያዘዘን ሦስት አባሎች ነን። ሁለታችን በሹፌርነት፣ አንዳችን በጋራዥ ሥራ ያረጀን ነን። ተናጋሪዎች ስላልሆንን የቃላችንን ጉድለት በቸርነታችሁ እንድታልፉልን አስቀድመን እንለምናለን።

«ዕድር ለቀብር ነው፤ የመኪና ነገር ምን አገባው?» የሚል ከመካከላችሁ እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛም መጀመሪያ ያልነው ይህንኑ ነበር። ግን እስቲ እናስበው። ድንኳኑንና አግዳሚውን ለቅሶ ቤት የሚያደርስልን ምንድን ነው? ከአጋሮ ወይም ከሊሙ ገነት መርዶ ሲመጣ ሽማግሌዎቻችንን ጭኖ የሚሄደው ማነው? የአንዱ አባላችን አሮጌ ፒክአፕ፣ የሌላው ዲኤክስ ኮሮላ፣ የዚያኛው ላንድክሩዘር አይደለም ወይ? ስለዚህ ከዚህ ሰፈር አንድ መኪና ሲሰረቅ የተሰረቀው የባለቤቱ ንብረት ብቻ አይደለም፤ የዕድሩ እግር ነው።

ነገሩን ወደዚህ ጉባዔ ያመጣውን አጋጣሚ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ባለፈው ነሐሴ፣ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ባደረበት፣ መብራትም በጠፋበት ሌሊት፣ የአንዲት አባላችን ኮሮላ ከበሯ ላይ ተወሰደ። ባሏን የቀበርንላት እኛው ነን። ያወረሳትም ያችኑ መኪና ነበር። ሹፌር ቀጥራ እያሠራች ሦስት ልጆች ታስተምርባታለች። መኪናዋ በአራተኛው ቀን በሰቃ መንገድ፣ ከቡና ጥላ ሥር ተገኘች። ግን ባትሪ የለ፣ አራቱም ጎማ የለ፣ ስኮርታው የለ፣ ስፖኪዮ የለ፣ የፊት መብራት የለ፣ ሞተሪኖ የለ። የቀረው ቆርቆሮዋ ነው።

ከመካከላችን የጋራዥ ሠራተኛ የሆነው መኪናዋን ሲመረምር የተሰበረ ቁልፍም፣ የተቆረጠ ሽቦም አላገኘም። ታዲያ በምን ተነሣች? ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ መኪና ቁልፍ የሚገባበት ቤት ውስጥ ትንንሽ የብረት ቅጠሎች አሉ። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ቅጠሎቹ ይስተካከሉና ቤቱ ይዞራል። ሠላሳና አርባ ዓመት በሠራ መኪና ላይ ግን ቁልፉም ቅጠሎቹም ስለሚበሉ ከሌላ መኪና የመጣ ያለቀ ቁልፍ ወይም የተሞረደ ብረት ያዞራቸዋል። ይህ አልበቃ ብሎ፣ መሪውን የሚቆልፈው ብረት ከዓመታት በፊት «አስቸገረ» ተብሎ ተነቅሎ ነበር። ባልየው ይህን ያደረገው ሥራ እንዳይፈታ ነው፤ አንፈርድበትም። ስንቶቻችን ነን እንደሱ ያደረግን?

አዲሱ መኪና ከዚህ ይለያል። ቁልፉ ውስጥ የተቀበረ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ምልክት አለ። መኪናው ያንን ምልክት ካላወቀው ቁልፉ ቢዞርም ሞተሩ አይነሣም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ ይህ መከላከያ እንዲኖረው በደንብ ተወስኗል። የእኛ መኪናዎች አብዛኞቹ ከዚያ ቀድመው የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ መኪናው ያልያዘውን ዘበኛ እኛ ልንጨምርለት ይገባል።

«ማን አሮጌ ይሰርቃል?» የሚባለውም ዘመኑ ያለፈበት ነገር ነው። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186፣ አርጅተው ከውጭ በሚገቡ መኪናዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። በዚህ የተነሣ ያለው አሮጌ መኪና ዋጋው ጨመረ፤ መለዋወጫውም እንደዚያው። ሌባውም ሙሉ መኪና ደብቆ ከመሸጥ ይልቅ ፈታትቶ መሸጡ ይቀለዋል። ስፖኪዮ ታርጋ የለውም፤ ባትሪ ሊብሬ አይጠየቅም።

የከተማችንንም ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ከጅማ የሚወጣው መንገድ አንድ አይደለም፤ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አጋሮና በደሌ፣ ወደ ሰቃና ቦንጋ፣ ወደ ዴዶ ይሄዳል። ሌሊት የተወሰደ መኪና ሳይነጋ ከከተማ ይርቃል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ሲለቀም ደግሞ ገንዘብ ይንቀሳቀሳል፣ እንግዳ ሰው ይበዛል፣ መኪናም ቡና መግዣው ደጃፍ ያድራል። በክረምት የዝናቡ ድምፅ የሞተር ድምፅ ይውጣል። እንግዲህ ክረምት ለሌባው ጆሮ ይደፍንለታል፣ የቡና ወራት ፊቱን ይደብቅለታል ማለት ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው እንለፍ። ከርካሹ እንጀምር።

አንደኛ፤ ልማዳችንን እናርም። ሞተር እያሠሩ ወርዶ «አንዴ መጣሁ» ማለት ይቅር። ትርፍ ቁልፍ ከፀሐይ መከላከያው ሥር ወይም ከምንጣፉ ሥር መደበቅ ይቅር፤ ሌባ መጀመሪያ የሚፈልገው እዚያ ነው። ቁልፍን ለማያውቁት ሰው ሰጥቶ መሄድም እንዲሁ፤ የቁልፍን ቅርጽ በሳሙና ላይ ለማተም ደቂቃ አይፈጅም። መኪና ሲቆም አፍንጫው ወደ ግድግዳ፣ ጎማው ወደ ዳር ዞሮ፣ ማርሽ ገብቶ ይሁን። ቁልቁለት ላይ የቆመ መኪና ያለ ሞተሪኖም ተንደርድሮ ይነሣል፤ የከተማችንን ቁልቁለት ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሁለተኛ፤ የመሪ ማሠሪያ ብረት እንግዛ። መሪውን ወይም መሪውንና ፍሬኑን አንድ ላይ የሚቆልፈው ማለታችን ነው። በመጋዝ አይቆረጥም አንልም፤ ይቆረጣል። ግን ጊዜ ይወስዳል፣ ድምፅ ያሰማል፣ ከውጭም ይታያል። ሌባ የሚፈልገው ጊዜና ጸጥታን ስለሆነ ያሠርነውን ትቶ ያልታሠረውን ይሄዳል።

ሦስተኛ፤ የተደበቀ ማብሪያ ማጥፊያ እናስገባ። በቤንዚን መኪና ላይ ለካንዴላ እሳት የሚሰጠውን መስመር የሚያቋርጥ ትንሽ ማብሪያ፣ ባለቤቱ ብቻ በሚያውቀው ቦታ ይደረጋል። ሌባው ሞተሪኖውን ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም። ሠሪው የታወቀ ኤሌክትሪሺያን ይሁን፤ በደካማ ሽቦና ያለ ፊውዝ የተሠራ ነገር መኪናውን ሊያቃጥል ወይም መንገድ ላይ ሞተሩን ሊያጠፋ ይችላል። ለጥቂት ቀን ሩቅ አገር የሚሄድ ደግሞ በድሮው ዲስትሪቢውተር ውስጥ የምትሽከረከረውን ትንሽ ቁራጭ ነቅሎ በኪሱ ይዞ ይሂድ። ያለሷ ሞተሩ አይነሣም።

በናፍጣ መኪና ላይ ግን እንጠንቀቅ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ናፍጣ ካንዴላ የለውም። ነዳጁ በገመድ ስቦሽ የሚዘጋ የድሮ ሞተር አንዴ ከተነሣ መብራት አይፈልግም፤ ባትሪ ባይኖረውም ተገፍቶ ይሄዳል። ስለዚህ ለእሱ የሚሆነው የነዳጅ መስመሩን የሚዘጋ የተደበቀ መዝጊያና የመሪ ብረት ነው። ባትሪ ነቅሎ «ጨርሻለሁ» ማለት አይበቃም።

አራተኛ፤ ዕቃችንን እናስፍር። ባትሪውን በብረት ቀበቶና በቁልፍ ማሠር፣ ስኮርታውን በሰንሰለት ማሠር ይቻላል። በስፖኪዮው፣ በመስተዋቶቹና በመብራቶቹ ላይ የታርጋ ቁጥሩን ማስቀረጽም ይበጃል። የተቀረጸበት ስፖኪዮ አዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራ ድረስ ቢሄድ ሐቀኛው ነጋዴ አይገዛውም፤ ሌባውም ይህን ያውቃል። እኛም ስንገዛ እንጠይቅ። «ርካሽ አገኘሁ» ብሎ ከመንገድ ላይ መብራት የሚገዛ ሰው የጎረቤቱን መብራት ሊሆን ይችላል የገዛው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛን ወይም የሸሸገን ሰው ይቀጣል።

አምስተኛ፤ ወረቀታችንን እናስተካክል። ይህ የሚናቅ ነገር ነው፤ ግን እኅታችንን ከሁሉ ይልቅ ያንገላታት እሱ ነው። መኪናዋ ከጠፋች በኋላ ለማመልከት ሊብሬው ሲታይ ስሙ የባሏ አይደለም፤ ከሁለት ባለቤት በፊት የነበረ ሰው ነው። በውክልና ተሸጦ በውክልና ተገዝቶ ቆይቷል። ባለቤትነቷን እስክታስረዳ ስንት ቀን ተመላለሰች። እንግዲህ መኪና የገዛችሁ ስም አዙሩ። የወረሳችሁ የወራሽነት ማስረጃ ሳይዘገይ አውጡ። ሊብሬው መኪና ውስጥ አይደር፤ ቅጂውን ይዞ ዋናውን ቤት ማስቀመጥ ይሻላል። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ቢቻል ወረቀት ቁጥሩ ላይ አድርጋችሁ በእርሳስ እያሻችሁ ቅርጹን አንሡ። ታርጋ በደቂቃ ይቀየራል፤ ሻንሲ ላይ የተመታው ቁጥር ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠፋም።

ስድስተኛ፤ ስለ መድን። «እኔ ኢንሹራንስ አለኝ» የሚል አባል ብዙ ነው። የትኛው? በሕግ ተገድደን ሁላችንም የምንገባው የሦስተኛ ወገን መድን ነው። እሱ መኪናችን በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት እንጂ መኪናችን ሲሰረቅ አይከፍልም። ስርቆትን የሚሸፍነው ለብቻ የሚገባ ሰፊ ውል ነው። እሱም ለአሮጌ መኪና ይሰጥ እንደሆነ፣ የመኪናው ዋጋ በስንት እንደተገመተ፣ ዕቃ ብቻ ሲሰረቅ ይከፍል እንደሆነ ከመፈረም በፊት ይጠየቅ። አቅሙ ያለው የጂፒኤስ መከታተያም ያስገባል። ያም ቢሆን ሲሙ ሒሳብ ከሌለው ወይም ኔትወርክ ከሌለ ቦታ ከገባ ድምፁ ይጠፋል። ረዳት ነው እንጂ ዘበኛ አይደለም።

ቢሰረቅስ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን የመጀመሪያዋ ሰዓት ዋጋ አላት። ወዲያው ለፖሊስ ይነገር። በሮቹን፣ መሪውንና ክሩስኮቱን የዳሰሰ ሰው እንዳይበዛ ይሁን። በአጋሮ፣ በሰቃ፣ በዴዶና በሰኮሩ መንገድ ለምናውቃቸው ሹፌሮች ይደወል። የመኪናው ቀለም፣ ታርጋ፣ የተጋጨ ቦታው ሁሉ ይነገር። ሹፌር የሹፌርን መኪና ያውቃል።

አሁን ደግሞ ለመናገር ወደሚከብደን ነገር እንመጣለን።

ያን ዕለት ጧት መኪናዋ መጥፋቷ ሲታወቅ ከአፋችን የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ዘበኛው ያውቃል» የሚል ነበር። ያልነው እኛ ነን፤ ከዚህ ቆመን የምንናገረው ሦስታችንም ብለናል። በጥርጣሬ ተያዘና ሁለት ሌሊት ታስሮ አደረ። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ስትሄድ በየበራችን አለፈች፤ ቀና ብሎ ሰላም ያላት ጥቂት ነው። በሦስተኛው ቀን አንድ አባላችን እናቱን ካስተኛበት ሆስፒታል ተመለሰና ነገሩን ሰማ። ከዚያም እንዲህ አለ፦ «ያን ሌሊት እኮ ዘበኛውን የጠራሁት እኔ ነኝ። እናቴን ተሸክመን ባጃጅ ፍለጋ እስከ አስፋልቱ ወጥተናል። ያለሱ አላደርሳትም ነበር።»

ዘበኛው ይህንኑ ከመጀመሪያው ተናግሯል። ያመነው አልነበረም፤ ያንን አባላችንንም ማንም ደውሎ አልጠየቀውም። እናት ሲያድን በነበረበት ሰዓት በሌባ ተባባሪነት ጠረጠርነው። አንድ ሰው ቀጥረን፣ ያለ ባትሪ መብራትና ያለ ዝናብ ልብስ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰፈር ጠብቅ ብለን፣ ሲጎድል ጥፋቱን በሱ ላይ መጣል ፍርድ አይደለም። መኪና ይተካል፤ ስም ግን በገበያ አይገኝም።

ስለዚህ ለጉባዔው አራት ሐሳብ እናቀርባለን።

የመጀመሪያው፣ የአባሎች መኪናና ባጃጅ ሁሉ የታርጋ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር በአንድ መዝገብ ተጽፎ በጸሐፊው ዘንድ ይቀመጥ። ሁለተኛው፣ ለዘበኛው ባትሪ መብራት፣ ፊሽካና የዝናብ ልብስ ይገዛለት፤ በክረምትና በቡና ወራትም ሁለተኛ ሰው ይጨመርለት። ለዚህ የሚሆን መዋጮ ከየቤቱ በወር ጥቂት ብር ነው። ሦስተኛው፣ ለቅሶ ቤት ሁላችን ድንኳን ውስጥ ስንቀመጥ መኪናዎቻችን ባዶ መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ ስለዚህ ለየለቅሶው ሁለት ወጣት ተራ ገብቶ ይጠብቅ። አራተኛው፣ ከእንግዲህ በሰፈራችን ንብረት ሲጠፋ የማንም ስም ከመነሣቱ በፊት ኮሚቴው በየቤቱ ዞሮ ይጠይቅ።

እኅታችንን በሚመለከት፣ ጎማውን አንዱ፣ ባትሪውን ሌላው፣ ሞተሪኖውን ከጋራዥ ባልደረቦቻችን አዋጥተን መኪናዋ ከመስከረም ጀምሮ ሥራ ላይ ናት። የመሪ ብረት ገብቶላታል፤ የተደበቀ ማብሪያም አላት። የት እንዳለ አንነግራችሁም።

ዘበኛችንም ዛሬ እዚህ በሩ አጠገብ ቆሟል። በየግላችን ሄደን ይቅርታ ጠይቀነዋል፤ ግን ስሙ የጠፋው በአደባባይ ስለነበር ይቅርታውም በአደባባይ መሆን አለበት። ስለዚህ ሙስሊም ክርስቲያን ሳንል ሁላችንም ብድግ ብለን «ይቅር በለን» እንድንለው በትሕትና እንጠይቃለን።