ስለ ልጆቻችን የስፖርት ቡድን በጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ለአፍ አይመችም። «እንዲህ ያለው ነገር በሰው ፊት አይወራም» ያሉን ሽማግሌዎች አሉ። እናከብራቸዋለን፤ ነገር ግን እንናገራለን።

በአሜሪካ አገር ላሪ ናሳር የሚባል ሐኪም ነበር። (ዓመተ ምሕረቱን በእነርሱ አቆጣጠር ነው የምንጠራው።) የጂምናስቲክ ብሔራዊ ቡድኑና የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሐኪም ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ፣ ተጎድተው የሚመጡትን ልጃገረዶች በሕክምና ስም ክብራቸውን ይደፍር ነበር። ራሼል ዴንሆላንደር የተባለችው በ2000 ዓ.ም. ወገቧን ታማ ስትሄድ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ እኮ እዚያው ክፍል ውስጥ ነበሩ! ሰውየው በአካሉ እየጋረደ ነው ያንን ሥራ የሠራው። እስቲ አስቡት። «አብሬያት ከሄድኩ ምን ይመጣል» የምንለው ነገር እንደማይበቃ ያን ጊዜ ነው የገባን።

የተናገረ ጠፍቶም አይደለም። በ1997 ለአሠልጣኛችን ነግረን ነበር ብለው በኋላ የመሰከሩ አሉ፤ ሰሚ አላገኙም። በ2015 ነገሩ ለፌዴራል ምርመራ ቢሮው ደረሰ፤ መርማሪዎቹም ቸል አሉት። ሰውየው ከዓመት በላይ ማከሙን ቀጠለ። በዚያ መካከል 70 ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጡ ልጆች መጎዳታቸውን የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር የፍርድ ቤት ሰነድ ጠቅሶ በ2021 አስታውቋል። ነገሩ የፈነዳው በ2016 ኢንዲያናፖሊስ ስታር የተባለው ጋዜጣ የራሼልን አቤቱታ ከነስሟ ሲያወጣ ነው። በ2018 መጀመሪያ ከ150 በላይ ተበዳዮች በፍርድ ቤት ቃላቸውን ሰጡ፤ ሰውየውም ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ዩኒቨርሲቲው 500 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ሊከፍል ተስማማ። በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ መሠረት ጥቃት መኖሩን ያወቀ የስፖርት ማኅበር ሰው ወዲያው ማመልከት አለበት፤ ትልቅ ሰውም ከልጅ ጋር ሌላ ሰው በማያይበት ቦታ ለብቻው እንዳይሆን ተወሰነ።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ባለፈው ክረምት ልጆቻችን ለውድድር ሄደው ሁለት ሌሊት አደሩ። ማን አብሯቸው እንዳደረ የጠየቀ ወላጅ የለም። እኛም የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች አልጠየቅንም፤ የትራንስፖርቱን ሒሳብ ብቻ ነው የተቆጣጠርነው። ልጆቹ በደህና ተመልሰዋል፤ ቢሆንም አፈርን።

አንድ አባት «እንግዲያው ልጄን ከቡድኑ አወጣለሁ» ብለዋል። ይህንን አንደግፍም። ልጁ ምን አጠፋና ኳሱን ይነጠቃል? አሠልጣኞቻችንንም እየጠረጠርን አይደለም፤ ያለ ደመወዝ የሚደክሙ ሰዎች ናቸው። ሐሳቡን ስናማክራቸው «እኛንም ከሐሜት ያድነናል» ነው ያሉን።

ለውሳኔ የምናቀርበው ይህ ነው። ልጆች ከሰፈር ውጭ ሲያድሩ ሁለት ወላጆች አብረው ይሂዱ፤ ከእነርሱም አንዷ ሴት ትሁን። ማሸትም ሆነ ቁስል ማሰር በሩ ተከፍቶ፣ ሌላ ትልቅ ሰው ቆሞ እያየ ይሁን። ልጅ አቤት ሲል የሚሰሙ ሦስት ሰዎች እናንተው ምረጡ፤ ሁለቱ እናቶች ቢሆኑ እንወዳለን። የሰሙትን ለፖሊስ ያመልክቱ እንጂ በሽምግልና አይሸፍኑት። በዚህ ላይ ክርክር እንደሚነሳ እናውቃለን፤ ይነሳ።

መዝገቡ በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ነው። መፈረም ለማይችል አሻራ ይበቃል።