የድምፅ ቈጠራና የደጋው መራጭ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ፥ ከጉና ሥር ገብስና ድንች የሚያመርት የፋርጣ ገበሬ ለክልሉ ምክር ቤት የሰጠው ድምፅ ባሕር ዳር ይደርሳልን? ዛሬ የምንጠይቀው ይህን ነው።

የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫ አለው። ሕጉ ብልጫ ያገኘ ያልፋል ይላል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት ግድ አይደለም። ለአንድ ወንበር ሦስት ሰዎች ተወዳድረው ከ100 ድምፅ 40፣ 35 እና 25 ቢያገኙ፥ ባለ40ው ያልፋል፤ የ60ው ሰው ድምፅ ከሣጥኑ ሥር ይቀራል። በ2007 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ በሙሉ ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ ሆነ። ምክንያቱ የቈጠራው ሕግ ብቻ ነው አንልም፤ ሌላውን የመረጠ ሰው ግን ነበረ።

ወንበሩ ለየፓርቲው በድምፁ ልክ ይከፈል የሚሉ አሉ። ይህም እንከን አለው፤ ማዳበሪያ ሲዘገይ ገበሬው «የላክሁህ እኮ አንተን ነው» ብሎ የሚይዘው ሰው ያጣል።

እንደኛ ደጋ የሆነችው ሌሶቶ በ1990 ዓ.ም. ይህ ችግር ደረሰባት። አንድ ፓርቲ በ60 ከመቶ ገደማ ድምፅ ከ80 መቀመጫ 79ኙን ወሰደ፤ ሁከት ተነሣ፤ የጎረቤት ጦርም ገባ። በ1994ቱ ምርጫ ግን 80ው የየአካባቢው ወንበር ሳይነካ፥ 40 ማመጣጠኛ ወንበር ተጨመረ።

ይህ መንገድ ለእኛም ክልል እንዲጠና እንጠይቃለን። የተሸነፈው ወገን ወንበር ሲያገኝ፥ ክርክሩ ከሜዳ ወደ አዳራሽ ይገባልና።