ቡርቦን፣ ራይ እና የመንዝ ዳግም



አዘጋጆቹ «ከአሜሪካ የመጣህ ሰው አንድ ቁም ነገር ንገረን» ሲሉኝ ስለ ስኮላርሺፕ አወራለሁ ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። የማወራው ግን ስለ አረቄ ነው። መምህሮቼ ፊት ስለ መጠጥ ማውራት ትንሽ ያሳፍራል። ቢሆንም ዲስቲሌሽን ያስተማራችሁኝ እናንተው ናችሁና ጥፋቱን እንካፈላለን።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ። እዚያ ሐበሻ ሞልቷል፤ እንጀራውም፣ ክትፎውም፣ ዕድሩም አለ። ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ቢኖር ያ አገር ከፔንሲልቬንያ ጋር በአንድ ወቅት የራይ ውስኪ አገር እንደነበረ ነው። ራይ የስንዴና የገብስ ዘመድ የሆነ፣ ብርድ የሚችል እህል ነው። አጃ እንዳትሉት፣ አጃ ሌላ ነው። ከእኛ ሰፈር የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ማውንት ቨርነን በተባለው ርስቱ፣ ጆርጅ ዋሽንግተን በ1797 እ.ኤ.አ. የአረቄ ማውጫ ከፍቶ ነበር። ድፍድፉ 60 በመቶ ራይ፣ 35 በመቶ በቆሎ፣ 5 በመቶ የገብስ ብቅል ነበረ። በ1799 ወደ 11 ሺህ ጋሎን ገደማ አወጣ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አረቄ አውጪ ነበር ብላችሁ ብታወሩ አልተሳሳታችሁም።

ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. የዘለቀው የመጠጥ እገዳ ያንን ሥራ ሰባበረው። ከዚያ በኋላ ኬንታኪ በቡርቦን ቀና ስትል ራይ ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ኖረ።

ልዩነታቸው በሕግ የተጻፈ ነው። ቡርቦን ለመባል ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት፤ ራይ ለመባል ደግሞ ቢያንስ 51 በመቶው ራይ። ሁለቱም ሲወጡ ከ80 በመቶ አልኮል አይበልጡም። የሚቀመጡት ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል ነው፤ ሲገቡ ከ62.5 በመቶ መብለጥ፣ ሲታሸጉም ከ40 በመቶ ማነስ የለባቸውም። ቢያንስ ሁለት ዓመት ከተቀመጡ «ስትሬት» የሚል ማዕረግ ያገኛሉ። የቀረው እህል አብዛኛውን ጊዜ ሌላኛው እህልና የገብስ ብቅል ነው፤ ስለዚህ ቡርቦን ውስጥ ራይ፣ ራይ ውስጥም በቆሎ ታገኛላችሁ። ብቅሉ ያው የእኛ ብቅል ነው። የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚሰብረው ኢንዛይም ያለው እሱ ላይ ነውና፣ የኬንታኪ ፋብሪካም የመሐል ሜዳ ጓዳም ያለ በቀለ ገብስ አይሄዱም።

እንግዲህ ወደ መቅመሱ። ባለፈው ዓመት መንዝ ሄጄ የገብስ ዳግም አረቄ፣ ከመርሐቤቴ ደግሞ ማሽላ የገባበት ዳግም ይዤ ተመለስኩ። ሜሪላንድ ስድስት የቀድሞ ተማሪዎች ተሰበሰብን። አንድ ቡርቦን፣ አንድ ራይና ሁለቱን የእኛን ቁጥር ብቻ በተለጠፈበት ብርጭቆ ቀዳሁ። ሁሉንም በውሃ አቅጥኜ ወደ 40 በመቶ አወረድኳቸው፤ ጉልበታቸው ካልተስተካከለ ኃይለኛው ምላስን ያደነዝዝና ሌላው ይበደላል። መለኪያ አንስቶ በአንድ ጉንጭ መገልበጥ ክልክል ነው አልኩ። በዚህ ተቃውሞ ተነስቶ ነበር። መጀመሪያ አፍን ገርበብ አድርጎ ማሽተት፣ ቀጥሎ ጥቂት ጠብታ ምላስ ላይ ማንከባለል፣ ከዋጡ በኋላ ዝም ብሎ መጠበቅ።

ቡርቦኑ ቫኒላና የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። የጣፈጠው ስኳር ተጨምሮበት አይደለም፤ ቫኒላው ከተለበለበው እንጨት፣ ልስላሴው ከበቆሎው ነው። ራይ ደረቅ ነው። አፍ ሲገባ ቁንዶ በርበሬ፣ ሲወርድ ኮረሪማ የሚያስታውስ ነገር አለው፤ ጣፋጭ ይሆናል ብላችሁ ስትጠብቁ ጥሏችሁ ይሄዳል። እኔ ራይን እመርጣለሁ። ከእኛ መሐል አብዛኞቹ ቡርቦን ያሉት ጠጅ የለመደ አፍ ስላላቸው ይመስለኛል።

የገረመን የእኛዎቹ ነበሩ። የመንዙ ገብስ አሻሮ አሻሮ፣ ትኩስ ዳቦ ዳቦ ይሸታል፤ መጨረሻው ደረቅና ኮስታራ ነው። የመርሐቤቴው ለስለስ፣ ወፈር ብሎ ይጣፍጣል። አንዱ ጓደኛችን ሳያውቅ «ሦስት ቁጥር የራይ ወንድም፣ አራት ቁጥር የቡርቦን ወንድም ነው» አለ። ነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ራይ የብርድ እህል ነው፣ በቆሎ የሙቀት። መንዝና ግሼ ደጋው ላይ ገብስ ያበቅላሉ፤ መርሐቤቴ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወርድ ማሽላ ይመጣል። ያ ሁሉ የአሜሪካ የውስኪ ክርክር በአንድ የሰሜን ሸዋ ዳገት ላይ ተዘርግቶ ተቀምጧል።

አወጣጡም ቢሆን ከምታስቡት በላይ ይቀራረባል። ቡርቦን አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ወጥቶ እንደገና ያልፋል፤ እኛ ተራውን መልሰን ስናወጣው ዳግም እንለዋለን። ላቦራቶሪ ሲለካ ተራ አረቄ በአማካይ 34 በመቶ፣ ዳግም ደግሞ 46 በመቶ ገደማ አልኮል ተገኝቶበታል። እነሱ በርሜሉን ይለበልባሉ፣ እናቶቻችን የጠላውን ጋን በወይራ ያጥናሉ። የሌለን ዕድሜ ብቻ ነው። መሐል ሜዳ ያወጣችልኝን ሴት «እትዬ፣ ይሄ ስንት ጊዜ የተቀመጠ ነው?» ብላት ሳቀች። «የትናንት ነው ልጄ! ገብሱን በዱቤ አምጥቼ፣ ኩበቱን ገዝቼ፣ ለከርሞ ላስቀምጥልህ?»

ይቺ መልስ ከብዙ መጽሐፍ ትበልጥብኛለች። ውስኪን ውድ የሚያደርገው ጊዜ ነው፤ ጊዜ ደግሞ የሚገዛው ገንዘብ ላለው ነው። አራት ዓመት መጋዘን ውስጥ የሚተኛ፣ በየዓመቱም ከፊሉ በእንጨቱ አልፎ የሚተን መጠጥ የሚጠብቅ ባለሀብት ያስፈልጋል። የእኛዋ አውጪ በሳምንቱ ካልሸጠች የሚቀጥለውን ድፍድፍ አትጠነስስም። እንጨት በጠፋበት ደጋ ደግሞ አንድ ጊዜ ለማውጣት የሚነደው ኩበት ራሱ ለማሳ ማዳበሪያ ይሆን የነበረ ነው።

ስም ግን ዕድሜን አይጠብቅም፤ ዛሬ ልትሰጡኝ የምትችሉት እሱን ነው። አሜሪካ በ1897 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የመጣው ነጋዴው ባዶ አልኮል ላይ ቀለምና ማጣፈጫ ጨምሮ «ውስኪ» እያለ ስለሸጠ ነው። ሕጉ ከአንድ ማውጫ፣ በአንድ ወቅት የወጣ፣ አራት ዓመት የተቀመጠና ልክ 50 በመቶ የሆነ መጠጥ በመንግሥት ማኅተም ይታሸግ አለ። ጠጪው ምን እንደሚጠጣ፣ ሻጩም ለምን እንደሚጠየቅ ታወቀ። በ1964 ደግሞ ምክር ቤታቸው ቡርቦን የአሜሪካ ልዩ ምርት ነው ሲል ወሰነ። እኛም ለሲዳሞ፣ ለሐረርና ለይርጋ ጨፌ ቡና ስም ተከራክረን እናውቃለን፤ ነገሩ አዲስ አይደለም።

አረቄያችን ግን ዛሬም በጄሪካን ሄዶ፣ ከማን እንደወጣ ሳይታወቅ ይቀዳል። ከገብስ በወጉ የወጣ አረቄ ውስጥ ያለው ሜታኖል ትንሽ ነው። ሰው የሚገድለው ወይም የሚያሳውረው መሐል ላይ ሌላ አልኮል ሲቀላቀልበት ነው። ክብሪት ጭሮ መፈተን ጉልበቱን ይናገር ይሆናል፤ ሜታኖልም ስለሚነድ መርዙን አይለይም። አንድ ሰው ከቀላቀለ የሚጠረጠሩት ሁሉም አውጪዎች ናቸው፣ እትዬም ጭምር።

ይህን ስል አረቄ ያፈረሰውን ቤት ረስቼው አይደለም። ሁላችንም አንድ እናውቃለን። «ለብርድ» ተብሎ በጠዋት የሚቀመሰው መለኪያም የውሸት ሙቀት ነው፤ የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ የሰውነትን ሙቀት ያወጣዋል። የምጠይቀው ብዙ እንድንጠጣ አይደለም። የሚጠጣው በገዛ ስሙ፣ ጉልበቱ ተጽፎበት፣ ንጹሕ ሆኖ ይጠጣ ነው።

ለኬሚስትሪና ለምግብ ሳይንስ ክፍሎች ጥያቄዬ ቀላል ነው። ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ አውጪዎች ናሙና ተሰብስቦ አልኮሉ፣ ሜታኖሉና መዓዛው ይለካ። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ይሆናል። ውጤቱ መጽሔት ላይ ብቻ እንዳይቀር፣ ለአውጪዎቹም በአማርኛ ተጽፎ፣ የአልኮል መለኪያ መሣሪያም ተጨምሮ ይሰጣቸው። እኛ ውጭ ያለን የመሣሪያውን ወጪ እናዋጣለን፤ የስድስታችን ቃል ከአሁኑ በእጄ አለ።

አራት ጠርሙስ ይዤ መጥቻለሁ፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለባቸው። ከምሳ በኋላ ጥግ ላይ ያለው ጠረጴዛ ጋ ኑ፣ የቀመሳችሁትን ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። መኪና የምትነዱ ማሽተት ብቻ ነው የተፈቀደላችሁ።