ለተማሪ ዓይን የሚገዛ መሣሪያ



ዛሬ የማወራችሁ በአሜሪካ አገር ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚማሩ ወጣቶች ስለሚመራመሩበት አንድ ውድ መሣሪያ ነው። አገሩ ሩቅ ነው ብላችሁ አትለፉት፤ የዕቃ ግዥ ወረቀት በእጁ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ጉዳዩ ይመለከተዋልና።

አስቀድሜ ምርምሩ ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። ጋዝ በኤሌክትሪክ ኃይል ሲመታ ኤሌክትሮኖች ከአቶሞቹ ይለያሉ፤ ይህም ፕላዝማ ይባላል። ስሙን በ1928 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣለት አሜሪካዊው ሊቅ ኢርቪንግ ላንግሚዩር ነው። በዚህ ጋዝ ውስጥ የሚሊሜትር ሺኛ እጅ ጥቂት እጥፍ የሚሆን ደቃቅ አቧራ ቢጨመርበት፣ እያንዳንዱ ቅንጣት በሺህ የሚቈጠሩ ኤሌክትሮኖች ይሸከማል። ስለዚህ ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ። በ1994 በጀርመን፣ በታይዋንና በጃፓን የሚሠሩ ሊቃውንት፣ እንዲህ ያለው አቧራ እንደ ሰልፈኛ ወታደር ተራውን ጠብቆ ተንሳፎ እንደሚቆም በየፊናቸው ገለጡ። ነገሩ ጨዋታ አይደለም። የኮምፒዩተር ቺፕ በሚሠራባቸው ፋብሪካዎች በፕላዝማ ውስጥ የሚፈጠር አቧራ ሥራውን ያበላሻል፤ በሳተርን ቀለበቶች ላይም የተሞላ አቧራ አለ።

ታዲያ ይህ እንዴት ይጠናል? በማለዳ በቤት ቀዳዳ የሚገባ የፀሐይ ጮራ በአየር ላይ ያለውን አቧራ እንደሚያሳይ ሁሉ፣ እዚህም እንደ አንሶላ የሳሳ የሌዘር ብርሃን ይተላለፍና አቧራው ሲያበራ ካሜራ ያነሣዋል። ብርሃኑ በጥቂት ጊዜ ልዩነት ሁለት ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ቅንጣቶቹ በሁለቱ ሥዕሎች መካከል የተጓዙት ርቀት በጊዜው ሲካፈል ፍጥነታቸው ይገኛል። በአላባማ የሚገኘው የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን ዘዴ በ1999 ለአቧራማ ፕላዝማ አዋሉት። ነገር ግን አንድ ካሜራ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚደረገውን እንቅስቃሴ ስለማያሳይ፣ በ2004 ሁለት ካሜራዎች ከሁለት ጎን አጣምሮ የማየት ዘዴ ታተመ። በኦሃዮ ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው በትንሹ ዊተንበርግ ዩኒቨርሲቲም ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚማሩ ተማሪዎች በእንዲህ ያለ ምርምር ተካፍለዋል።

«ገና ለጀማሪ ይህን ያህል ወጪ ምን አመጣው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው የገንዘብ ጠባቂ ጥያቄ ነውና አይናቅም። መልሱ ግን ከራሱ ከነገሩ ይወጣል። አቶምን በዓይን ማየት አይቻልም፤ የአቧራው ቅንጣት ግን ከአቶም እጅግ የከበደና የዘገየ ስለ ሆነ አንድ በአንድ ይታያል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ካሜራው ጌጥ ሳይሆን ሚዛኑ ራሱ ነው። ሚዛን የሌለው ተማሪ የሌላውን ውጤት ይሸመድዳል፤ ሚዛን ያለው ግን የራሱን ያገኛል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ድርጅትም መሣሪያ መግዣ በሚሰጥበት መርሐ ግብር፣ የዶክትሬት ዲግሪ የሚሰጡ ተቋማት ለብዙ ዓመታት ከወጪው 30 በመቶ ያህል እንዲያዋጡ ሲጠይቅ፣ ዶክትሬት የማይሰጡትን ከመዋጮው ነፃ አድርጎ ነበር። ትንሹም ትምህርት ቤት ዓይን ያስፈልገዋል ማለት ነው።

እኔ ሁለተኛ ደረጃ ስማር በትምህርት ቤታችን አንድ ማይክሮስኮፕ ነበር። በመስታወት ቁም ሣጥን ተቈልፎበት ነበርና፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይወለወላል። መምህራችን ቅጠሉን በሰሌዳ ላይ ሣሉልን፤ እኛም ሥዕሉን ገለበጥን። በፈተናው አለፍን፤ የቅጠሉን ውስጥ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

ስለዚህ፣ አድማጮች ሆይ፣ መሣሪያ እንዲገዛ ስትፈርሙ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። ማን እንደሚሠራበት፣ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው፣ ከሁሉም በላይ የቁም ሣጥኑ ቍልፍ በማን እጅ እንደሚሆን ጠይቁ። መሣሪያው ዋጋውን የሚመልሰው ተማሪው ሲያይበት ነውና።